የጋሞ ልጆችና የሽመናው መንገድ፦ ጥበቃው ከየት ይጀምር?

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ሆኖም ሙዝና ማንጎ ከሚበቅልበት ቆላ ተነስቶ እንሰትና ገብስ ወደሚበቅልበት ብርዳማ ደጋ ያደርሳል። በደጋው ሕዝቡ ብዙ፣ መሬቱ ጠባብ ነው። አባት ለልጆቹ የሚያካፍለው ማሳ እያነሰ ሲሄድ ቤተሰቡን ደግፎ የያዘው ሽመና ነው። የዶርዜና የሌሎች የጋሞ አካባቢዎች ሸማኔዎች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ አዲስ አበባ እየገቡ፣ በሽሮ ሜዳና በጉለሌ ሰፍረው፣ አገር የሚለብሰውን ጋቢ፣ ነጠላና ጥበብ ሲሠሩ ኖረዋል። በጋሞ ዞን ለችግር የተጋለጡ ሕፃናትንና እናቶችን ማን፣ እንዴት ይደግፍ የሚለው የቆየ ጥያቄ ከዚህ ታሪክ ተነጥሎ አይታይም።

ሙያው ራሱ ነውር የለበትም። ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ማግ በቀሰም ቢያጠነጥን፣ ቆይቶም መወርወሪያ መያዝ ቢለምድ፣ የአያቶቹን ጥበብ እየወረሰ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ፣ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በዘመድ ወይም በአገር ልጅ ቤት ለሌላ ሰው ሲሸምን ነው። ከማለዳ እስከ ምሽት በጠባብ ክፍል ይውላል፤ ወገቡና ዓይኑ ይጎዳል፤ የድካሙ ዋጋ በአሠሪው እጅ ይቀራል፤ ትምህርቱ ይቋረጣል። ሴቶቹ ልጆች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄዱት ለቤት ሠራተኝነት ነው። በሰው ግቢ ውስጥ ስለሚውሉ ከወንዶቹ ይልቅ እነርሱን ማግኘትም መታደግም ይከብዳል።

ጊዜውን ማስተዋል ያስፈልጋል። መስቀል ለጋሞ የዓመቱ ታላቅ በዓል ነው። በየከተማው የተበተነው ሸማኔ ዓመቱን ሙሉ ቆጥቦ፣ ለቤተሰቡ ልብስና ስጦታ ይዞ አገሩ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። በዓሉ አልቆ ሲመለስ የጎረቤት ወይም የዘመድ ልጅ ተከትሎት የሚሄድበት አጋጣሚ ብዙ ነው። «ሙያ አስይዘዋለሁ፣ አስተምረዋለሁ» ይላል። ወላጅም ያምነዋል፤ የሚያውቀው ሰው ነዋ! ደላላ በመካከል ሲገባ ነገሩ ይከፋል፤ መነሻው ግን አብዛኛውን ጊዜ መተማመን ነው። መስቀል የሚውለው መስከረም 17 ነው፤ ትምህርት ቤቶች ተማሪ መዝግበው ሥራ በጀመሩ ሰሞን ማለት ነው። በመስከረም መባቻ የተመዘገበ ልጅ በጥቅምት ክፍል ውስጥ ባይኖርም፣ ስሙ በመዝገቡ ላይ አለ።

ሕግ አልጠፋም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በሴቶችና በሕፃናት መነገድን የሚቀጣ ድንጋጌ ይዞ ወጥቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178 በአገር ውስጥ የሚፈጸመውንም ይጨምራል። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለሥራ የሚፈቀደውን ዝቅተኛ ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ከፍ አድርጎ፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ከልክሏል። ነገር ግን የሸማኔው ጉድጓድ ያለው በመኖሪያ ቤት ውስጥ ነው፤ የሥራ ተቆጣጣሪ ደግሞ የሰው ጓዳ አይገባም። ልጁ ሲጠየቅ «አጎቴ ነው» ይላል። ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው።

ጉዳዩ ከአገር ውጭም ታውቋል። የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር በሕፃናት ጉልበት ወይም በግዳጅ ሥራ ከሚመረቱ ሸቀጦች ዝርዝር ውስጥ የኢትዮጵያን የእጅ ሽመና ጨርቅ አስገብቷል። ይኸው መሥሪያ ቤት በሰጠው 10 ሚሊዮን ዶላር ዎርልድ ቪዥን ከአጋሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2015 በአዲስ አበባ፣ በያኔው ጋሞ ጎፋና በወላይታ ፕሮጀክት አካሂዷል። የልጆችን ትምህርት ከወላጆች ገቢና ቁጠባ ጋር አያይዞ መደገፉ ትክክል ነበር። ፕሮጀክት ግን ዘመኑ ሲያበቃ ይዘጋል፤ የመሬቱ ጥበት ይቀጥላል።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ ቀበሌው ይመለሳል። በ2007 ዓ.ም. የጸደቀው ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ ለማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረቶች ዕውቅና ሰጥቷል። በእነዚህ ውስጥ የዕድር መሪዎች፣ የእምነት ተቋማት፣ መምህራንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አብረው ይቀመጣሉ፤ ገንዘብ፣ እህልና ጉልበት አዋጥተው አሳዳጊ ያጡ ልጆችን፣ አረጋውያንን፣ አካል ጉዳተኞችን ያግዛሉ። አገሪቱ በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከከለከለች ወዲህ የአካባቢው ሸክም ከብዷል። ልጅን በቤተሰብ ውስጥ ማሳደግ ቀዳሚ፣ ማሳደጊያ ተቋም የመጨረሻ አማራጭ የሚለው አቋምም ትክክል ነው፤ የሚሠራው ግን ቤተሰቡ የሚበላው ሲኖረው ነው።

እዚህ ላይ የእናት ነገር ይመጣል። ባል አዲስ አበባ ሲሸምን እርሷ ደጋ ላይ እንሰቱን ትንከባከባለች፣ ጥጥ ትፈትላለች፣ እንጨት ትሸከማለች፣ ልጆቹን ታሳድጋለች። ለደብተርና ለልብስ የሚሆን ገንዘብ በራሷ እጅ ከሌላት «ልጁን ልውሰደው» የሚላትን ሰው እምቢ ለማለት አቅም ታጣለች። በእኔ እምነት፣ በመስከረም በእናት እጅ የሚገባ ትንሽ ድጋፍ ልጁ አዲስ አበባ ከጠፋ በኋላ ፈልጎ ለመመለስ ከሚወጣው ብዙ ብር ይበልጣል።

ጋሞ ለዚህ የሚሆን የራሱ ሥርዓት አለው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቡራዩ፣ በጋሞ ተወላጆችና በሌሎች ላይ ከደረሰው ጥቃት በኋላ ለበቀል የተነሱ ወጣቶችን የአርባ ምንጭ አካባቢ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው መልሰዋቸዋል። ያን የሚያህል ተሰሚነት ያላቸው አባቶች በዱቡሻ (በባህላዊው የሸንጎ አደባባይ) ተሰብስበው፣ ዕድሜው ያልደረሰ ልጅን ከትምህርት አውጥቶ መውሰድ ጎሜ (በባህሉ የተከለከለ ጥፋት) ነው ቢሉ፣ ከፖሊስ ኬላ ይልቅ የሚሰማው ይህ ነው። በዱቡሻ የወንዶች ድምፅ ስለሚያመዝን ግን እናቶች አብረው ካልተሰሙ ውሳኔው ጎደሎ ይሆናል።

የዞኑ ትምህርት መምሪያና የየቀበሌው ጥምረት ከመስከረም 18 እስከ ጥቅምት መጨረሻ በየትምህርት ቤቱ ስም ይጥሩ፤ የቀረ ልጅ ካለ በዚያው ሳምንት ቤቱ ይሂዱ። ጥበብ የምንለብስ ሁላችንም ደግሞ ሽሮ ሜዳ ስንገዛ፣ ይህን ማን እንደሸመነው ነጋዴውን እንጠይቅ።