ወደ 1984 የሸሹ ተመልካቾች

የመጋቢ ሚስት ሆኜ ስለ አስፈሪ ፊልም መጻፌ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ነገሩን ያመጡት ቤታችን የሚመላለሱ ባልና ሚስት ናቸው። «ፖለቲካው ሰለቸን፤ ማታ ማታ ዜናውን ዘግተን የድሮ ዘመን ፊልም እናያለን» አሉን። እኔና ባለቤቴም ምን እንደሚያዩ ለማወቅ ተቀመጥን።

ፊልሙ «አሜሪካን ሆረር ስቶሪ 1984» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዘጠኝ ክፍል በኤፍ ኤክስ ቴሌቪዥን የቀረበ፣ ሪያን መርፊና ብራድ ፋልቻክ የፈጠሩት ተከታታይ ዘጠነኛ ምዕራፍ ነው። በ2017 የቀረበው «ከልት» የተባለው ምዕራፍ ከ2016ቱ የአሜሪካ ምርጫ ምሽት ይነሣል። ይህኛው ግን ከምርጫው ጭቅጭቅ ርቆ ወደ ኤሮቢክስና ወደ ደማቅ ልብስ ዘመን ይመልሰናል። ወጣቶቹ ራሳቸው በኦሎምፒኩ ሰሞን ከሎስ አንጀለስ ሸሽተው ሬድዉድ ወደሚባል ካምፕ ይሄዳሉ። እዚያ ደግሞ ስለት የያዘ ገዳይ ይጠብቃቸዋል።

ታዲያ ፖለቲካው እውን ቀርቷል? የካምፑን ባለቤት ማርጋሬትን ተመልከቱ። ጸሎት ከአፏ አይጠፋም፤ ወጣቶቹን ስለ ንጽሕና ትገሥጻለች። በዚያው ዓመት ሬገን ስለ ቤተሰብና ስለ እምነት እየተናገሩ ከ50ው ክፍለ ግዛት 49ኙን አሸንፈው ነበር፤ ማርጋሬትም የዚያ ዘመን ቋንቋ አላት። (ታሪኩን ስለምገልጥባችሁ ይቅርታ።) በ1970 በካምፑ ከደረሰው እልቂት ተረፍሁ ብላ የመሰከረችው እርሷ ራሷ ገዳይዋ ናት። በምስክርነቷ ያሳሰረችው የካምፑ ሠራተኛ ንጹሕ ነበር። በኋላም ሰው የተገደለባቸውን ቤቶች እየገዛች ትከብርባቸዋለች።

እኔ በመጀመሪያ ተቆጣሁ። «ሁልጊዜ ወንጀለኛው አማኙ ነው!» አልሁ። ባለቤቴ ግን ዝም ብሎ ማቴዎስ 23ን ገለጠልኝ። ያ ምዕራፍ የተነገረው ለውጭ ሰዎች አልነበረም፤ እኔም መልስ አጣሁ።

ይልቅ ያልተዋጠልኝ ሌላ ነው። በፊልሙ ውስጥ የሚመላለሰው ሪቻርድ ራሚሬዝ የፈጠራ ሰው አይደለም። በ1984 እና በ1985 በካሊፎርኒያ ሰዎችን በየቤታቸው እየገባ የገደለ፣ በ1989 በ13 ግድያ ተፈርዶበት በ2013 እስረኛ ሆኖ የሞተ ሰው ነው። ፊልሙ ሰይጣን የሚረዳው፣ መልከ መልካም፣ አንዳንዴም የሚያስቅ ገጸ ባሕርይ አድርጎታል። ለእኛ መዝናኛ የሆነው 1984 ለሟቾቹ ቤተሰቦች የኀዘን ዓመት ነው። በሰው ሞት ትነግዳለች ብሎ ማርጋሬትን የሚከስሰው ፊልም ራሱስ ምን እያደረገ ነው?

ባልና ሚስቱ ዳግመኛ ሲመጡ ይህን ሁሉ አላነሣንባቸውም። ቡና እየጠጣን «ዜናውን የምትዘጉት ለምንድን ነው?» ብቻ አልናቸው። ሚስትየዋ ባሏን አየት አደረገችውና፣ ዜና ባዩ ቁጥር በዘር ጉዳይ ተጣልተው ለቀናት እንደማይነጋገሩ ነገረችን።