በሰዓት ርካሹ ኮምፒዩተር ሁልጊዜ ርካሽ ነው?

አምስት ጓደኛሞች ሆናችሁ አንድ የሞባይል መተግበሪያ እየሠራችሁ ነው እንበል። አንዳችሁ ኮድ በቀየራችሁ ቁጥር ሌላው ክፍል አለመበላሸቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ይህን በእጅ መሥራት ያሰለቻል፤ ሰው ደግሞ ይረሳል። ስለዚህ ኮድ በተላከ ቁጥር አንድ ኮምፒዩተር በራሱ ፕሮግራሙን ይገነባል፣ ይፈትሻል፣ ውጤቱንም ያሳውቃል። ይህ አሠራር ኮንቲኒዩየስ ኢንተግሬሽን፣ በአጭሩ ሲአይ ይባላል። ሥራውን የሚያከናውነው ኮምፒዩተር ደግሞ ራነር ነው።

ራነሩ ከየት ይመጣል? እንደ ጊትሃብ ያሉ አገልግሎቶች የራሳቸውን ያቀርባሉ፤ ለሕዝብ ክፍት ላልሆነ ኮድ ግን የነፃው ደቂቃ ሲያልቅ ያስከፍላሉ። ሥራ ሲበዛ ብዙዎች ከክላውድ ድርጅት ኮምፒዩተር ተከራይተው የራሳቸውን ራነር ያቆማሉ። ታዲያ የትኛውን እንከራይ? ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን መልስ «በሰዓት ርካሹን» የሚል ነው። ግን እኛ የምንፈልገው ሰዓቱን ሳይሆን ያለቀለትን ሥራ ነው። እስቲ እናስላው።

ለምሳሌ ያህል፣ ባለ 2 ኮሩ ማሽን በሰዓት 10 ሳንቲም፣ ባለ 8 ኮሩ 40 ሳንቲም የአሜሪካ ገንዘብ ነው እንበል። በትንሹ ማሽን አንድ ፍተሻ 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ ዋጋው 3.3 ሳንቲም ነው። ትልቁ አራት እጥፍ ኮር ስላለው በ5 ደቂቃ ይጨርሳል ትሉ ይሆናል። አይጨርስም!

እንጀራ ጋግራችሁ ታውቃላችሁ? አራት ምጣድ ብትጥዱ ጋገራው ይፈጥናል፤ ሊጡ ግን በዚያ ምክንያት ቶሎ አይቦካም። ጂን አምዳል የተባለው የኮምፒዩተር መሐንዲስ በ1967 እ.ኤ.አ. ያነሳው ነጥብ ይኸው ነው፦ ተከፋፍሎ የማይሠራው ክፍል የፍጥነቱን ጣሪያ ይወስናል። ከ20ው ደቂቃ 4ቱ ከኢንተርኔት ፋይል ማውረድ ከሆነ፣ የሚከፋፈለው 16ቱ ብቻ ነው። እሱ ወደ 4 ደቂቃ ይወርዳል፤ ድምሩ 8 ደቂቃ፣ ዋጋውም 5.3 ሳንቲም ይሆናል።

መፍትሔው ሊጡን ቀድሞ ማቡካት ነው። አንዴ የወረዱትን ፋይሎች ለሚቀጥለው ፍተሻ ማስቀመጥ ካሽ ማድረግ ይባላል። ካሹ 4ቱን ደቂቃ ወደ 1 ካወረደው፣ ትልቁ ማሽን በ5 ደቂቃና በ3.3 ሳንቲም ይጨርሳል። መጀመሪያ ለትንሹ በከፈልነው ዋጋ አራት እጥፍ ፈጠንን ማለት ነው። ትንሹ ካሽ ቢያገኝ 2.8 ሳንቲም ይሆናል፤ ግን አምስታችሁም 17 ደቂቃ ትጠብቃላችሁ።

ትልቁ ብክነት ግን ሌላ ቦታ ነው። በቀን 20 ፍተሻ ቢኖር፣ በ30 ቀን ማሽኑ የሚሠራው 50 ሰዓት ብቻ ነው፤ ይህ 20 ዶላር ነው። ሳይጠፋ ከቆየ ግን 720 ሰዓት ይቆጥራል፤ 288 ዶላር! ለአንድ የአገራችን ተማሪ ይህ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ሥራ ሲመጣ የሚነሳ፣ ሲያልቅ የሚጠፋ ራነር ይሻላል። ተነስቶ እስኪዘጋጅ ትንሽ ያስጠብቃል፤ ካሹንም ከማሽኑ ውጭ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ሌላም ቅናሽ አለ። የክላውድ ድርጅቶች ሥራ የፈቱ ማሽኖቻቸውን «በፈለግን ጊዜ እንወስዳለን» ብለው በርካሽ ያከራያሉ። አማዞን ስፖት የሚለው ይህ ኪራይ ከመደበኛው ዋጋ እስከ 90 በመቶ ሊቀንስ ይችላል፤ ማሽኑን ሲወስድ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ግን 2 ደቂቃ ብቻ ነው። ፍተሻ ቢቋረጥ እንደገና ይጀመራል፣ በቃ። አዲሱን ስሪት ለተጠቃሚ የሚያደርሰውን ሥራ ግን እዚያ ላይ አትጫኑት።

አንድ ነገር እንዳትረሱ፦ ራነር የተሰጠውን ኮድ ሁሉ ያስኬዳል። ማንም ኮድ ሊልክበት ለሚችል ክፍት ፕሮጀክት የራሳችሁን ራነር ካቆማችሁ፣ የማታውቁት ሰው ማሽናችሁን ሊያዝበት ይችላል። ለዚህ ዓይነቱ ጊትሃብ የራሱን መደበኛ ራነር በነፃ ይሰጣል፤ እሱን ተጠቀሙ።

እንግዲህ ከመከራየታችሁ በፊት አንድ ፍተሻ አስኪዱና ደቂቃው የት የት እንደሚሄድ ጻፉ። ማሽኑን የሚመርጥላችሁ ያ ወረቀት ነው።