የጠፈር ስብርባሪ፦ ባለቤት አለው፣ የሚያነሣው ግን የለም

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2009 ከሰሜን ሳይቤሪያ በላይ፣ 790 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሁለት ሳተላይቶች ተላተሙ። አንደኛው ኢሪዲየም 33 የተባለ፣ በሥራ ላይ የነበረ የአሜሪካ የስልክ መገናኛ ሳተላይት ነው። ሌላው ኮስሞስ 2251 ሲሆን አገልግሎቱን ካቆመ ዓመታት ያስቆጠረ የሩሲያ ወታደራዊ ሳተላይት ነበር። የተጋጩት በሰከንድ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ነው። ሁለቱም ብትንትናቸው ወጣ፤ ተለይተው መለያ ቁጥር የተሰጣቸው ስብርባሪዎች ብቻ ከ2,000 በላይ ሆኑ።

የሚያሳዝነው ሁለቱም በመዝገብ የሚታወቁ መሆናቸው ነው። በዕለቱ ለሕዝብ ክፍት የነበረው ትንበያ 584 ሜትር ተራርቀው እንደሚተላለፉ ያሳይ ነበር። ከዚህም ይበልጥ ይቀራረባሉ የተባሉ ሌሎች ብዙ ሳተላይቶች ስለነበሩ ለእነዚህ ሁለቱ የተጨነቀ አልነበረም።

ትንበያው የሳተበት ምክንያት ከክትትሉ አሠራር ይመነጫል። ዝቅተኛ ምሕዋር ላይ ያለ አካል በአንድ ራዳር ፊት የሚያልፈው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ባለሙያዎች በዚያች አጭር ጊዜ ርቀቱንና ፍጥነቱን ለክተው የነገና የተነገ ወዲያ መንገዱን ያሰላሉ። እስከሚቀጥለው ምልከታ ድረስ ግን የሚያየው የለም። በዚያ ከፍታ ያለው አየር እጅግ ስስ ቢሆንም ፍጥነቱን ይቀንሰዋል። የፀሐይ እንቅስቃሴ ሲበረታ ደግሞ የላይኛው ከባቢ አየር ሞቆ ያብጣል፤ ስሌቱም ይዛባል። ስለዚህ የጠፈር ካርታ የምንለው በየቀኑ ካልታረመ የሚያሳስት ትንበያ ነው።

የማይታየው ደግሞ ከሚታየው ይበዛል። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ግምት እንደሚለው ከ1 ሴንቲ ሜትር የሚበልጡት ስብርባሪዎች ከ1 ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ ከ10 ሴንቲ ሜትር የሚበልጡት ግን በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 በማርሻል ደሴቶች ሥራ ያስጀመረችው ራዳር የብይ ያህል መጠን ያለውን ስብርባሪ ሳይቀር መለየት እንዲችል ታስቦ ተሠርቷል። ያም ሆኖ ጋሻ የማያቆመው፣ አብዛኛው ራዳርም በቅጡ የማይከታተለው መካከለኛ መጠን ያለው ስብርባሪ ዛሬም ዋናው ሥጋት ነው።

ከፊሉን ያመጣነው ሆን ብለን ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2007 የራሷን የአየር ሁኔታ ሳተላይት በሚሳይል መትታ ከ3,000 በላይ ስብርባሪ በተነች። ሩሲያም በ2021 ተመሳሳይ ሙከራ ስታደርግ የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሠራተኞች፣ የራሷን ጠፈርተኞች ጨምሮ፣ ወደ መመለሻ መንኮራኩሮቻቸው ገብተው ለመጠለል ተገደዱ። ዶናልድ ኬስለርና ቡርተን ኩር-ፓሌ አንዱ ግጭት ሌላውን እየወለደ እንደሚሄድ ያስጠነቀቁት ገና በ1978 ነበር።

ኢትዮጵያም በዚህ ጉዳይ ዳር ቆማ የምታይ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ከቻይና የመጠቀችው ኢትአርኤስኤስ-1 ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወዳለ ምሕዋር ነው የገባችው። ሌሎች የበተኑት ስብርባሪ ድሃና ሀብታም አገር ሳይለይ በዚያው ሰፈር ይዞራል።

ሕጉ እዚህ ላይ ይደክማል። በ1967ቱ የጠፈር ስምምነት መሠረት ወደ ጠፈር የተላከ ነገር ቢሰበርም የባለቤቱ አገር ንብረት ሆኖ ይቀጥላል፤ ያለ ፈቃድ የሚነካው የለም። እንዲያነሣው ግን አይገደድም። በ1972ቱ የኃላፊነት ስምምነት ደግሞ ምድር ላይ ለደረሰ ጉዳት ካሣ ለመጠየቅ ጥፋት ማስረዳት አያስፈልግም፤ ጠፈር ላይ ለደረሰው ግን ያስፈልጋል። ሶቪየት ኅብረት በ1978 ካናዳ ላይ ለወደቀው ኮስሞስ 954 በመጨረሻ 3 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ከፍላለች። ጠፈር ላይ በሦስት ሴንቲ ሜትር ስባሪ ሳተላይቱ የተመታበት አገር ግን ማንን ይከሳል? በምን ማስረጃ?

ራዳር ብቻውን አያድነንም። ካርታው መሸሽ ለሚችል ሳተላይት ይጠቅማል፤ ሁለት የሞቱ ሳተላይቶች ሲገናኙ ግን አንዳቸውም አይሸሹም። ስለዚህ ሳተላይት ያለው ሁሉ የሚገኝበትን ቦታና ሊቀይር ያሰበውን መንገድ አስቀድሞ ያሳውቅ፤ ሲያበቃለትም ያውርደው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2022 ሳተላይት የሚያፈርስ ሙከራ እንዲቆም ያሳለፈው ውሳኔ ከ150 በላይ አገሮች ቢደግፉትም አስገዳጅ አይደለም። አስገዳጅ ሊሆን ይገባዋል። አገራችንም ቀጣዩን ሳተላይት ስታቅድ የማውረጃውን ወጪ ከማምጠቂያው እኩል በጀት ትያዝለት።