ወደ ሰማይ ለመውጣት በምድር መሰናዳት

በሰሜን ሸዋ ያለችው ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በሰማይ ከታየ ብርሃን መሆኑን ታሪክ ይነግራል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዚያ ስፍራ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠርተው ብዙ ዘመን ተቀመጡበት። ከታሪክ ተመራማሪዎችም አንዳንዶቹ ብርሃኑ በ1448 ዓ.ም. የታየው፥ ሃሌ የሚባለው ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ብለው ጽፈዋል። በዚያ ዘመን የሰው ድርሻ በሰማይ የታየውን አይቶ ማድነቅ ነበር፤ በዚህ ዘመን ግን ሰው የእጁን ሥራ ወደ ሰማይ ይልካል። ኢትዮጵያም ከዚህ ሥራ ጥቂት ድርሻ አግኝታለች።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. 70 ኪሎ ያህል የምትመዝነው የመጀመሪያዪቱ የኢትዮጵያ ሳተላይት በቻይና አገር ታይዩዋን ከሚባለው ስፍራ ተነሥታ ወጣች። ከወጪው የሚበዛውን የቻይና መንግሥት ሸፈነ፤ በሥራው ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ተካፈሉ፤ መቈጣጠሪያውም ጣቢያ በእንጦጦ ተራራ ላይ ቆመ። በዓመቱ፥ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም.፥ ከ10 ኪሎ የማትበልጠው ሁለተኛዪቱ ከሌሎች አራት ሳተላይቶች ጋራ ተጭና ወጣች። ይህች ሁለተኛዪቱ ከፊተኛዪቱ የምትለይበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የተጫነችበት «ሎንግ ማርች 8» የተባለው ሮኬት ከዚያ ቀን በፊት አንድ ጊዜ እንኳ በርሮ የማያውቅ አዲስ መሆኑ ነው።

ይህ ሮኬት ቁመቱ 50 ሜትር፥ ክብደቱ 356 ቶን ያህል ነው፤ ከክብደቱም እጅግ የሚበዛው ነዳጁ ነው። የታችኛው ክፍል ላምባንና ፈሳሽ ኦክሲጅንን ያቃጥላል፤ የላይኛው ግን ፈሳሽ ሃይድሮጅን ይይዛል። ሃይድሮጅን ፈሳሽ ሆኖ የሚቈየው ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ገብስ የሚያቃጥለው የደብረ ብርሃን ውርጭ ከዚህ ብርድ አጠገብ እንደ በጋ ሙቀት ይቈጠራል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሮኬት ከመነሣቱ በፊት ሞተሩ በምድር ታስሮ እየነደደ ይፈተናል፤ ጋኑ ይሞላል፥ ይመረመራል፤ እያንዳንዱ ክፍል እየተናወጠ ጥንካሬው ይታያል። በመጨረሻም የሚመራው ሒሳብ ደጋግሞ ይታረማል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ነው የሚል ቢኖር የአሪያን 5ን ነገር ያስተውል። የአውሮፓ መንግሥታት በኅብረት ያሠሩት ይህ ከባድ ሮኬት ግንቦት 27 ቀን 1988 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሣ፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላውም በአየር ላይ ፈረሰ። ለምርምር የተሠሩ አራት ሳተላይቶችም አብረውት ጠፉ። ሞተሩ አልደከመም፤ ብረቱም አልተሰነጠቀም። ከቀድሞው ከአሪያን 4 የተወሰደ የሒሳብ ትእዛዝ ለአዲሱ ይስማማ እንደ ሆነ ሳይመረመር ተሰጥቶት ነበር እንጂ። አዲሱ ሮኬት ከቀድሞው ይልቅ ወደ ጎን ይፈጥን ስለ ነበረ ቍጥሩ ከተመደበለት መስፈሪያ በላይ ሆነ፤ መሪው መሣሪያም ሳተ። የባሕረ ሐሳብ መምህራን ይህን ለመረዳት አይቸገሩም፤ አበቅቴው በአንድ ቢሳሳት ጾሙም በዓሉም ከቦታው እንደሚናወጥ ያውቃሉና።

በአንጻሩ አሜሪካውያን ወደ ጨረቃ ለሚደረገው ጕዞ ያሰናዱትን 2,600 ቶን ያህል የሚመዝን ሮኬት በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ለማስነሣት ቀርበው ሁለቱንም ጊዜ ተዉት። በሁለተኛው ጊዜ ሃይድሮጅኑ ያፈስስ ነበርና። የዓለም ዓይን እየተመለከታቸው መተዉን አላፈሩበትም፤ ኅዳር 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሮኬቱ በደኅና ተነሣ፤ የተሸከመውም መንኰራኵር ጨረቃን ዞሮ ተመለሰ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በዚህ ሥራ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

«ሎንግ ማርች 8» የመጀመሪያ ጕዞውን በደኅና ፈጽሞ አምስቱንም ሳተላይቶች በሰማይ አደረሰ። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ነገር ግን ሮኬቱን ያሰናዳው የሌላ አገር እጅ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። መናገሻቸው አንኮበር የነበረው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋራ የወዳጅነትና የንግድ ውል ሲዋዋሉ መድፍና ጠመንጃ በስጦታ ተቀብለው ነበር። መሣሪያን መቀበል ግን የመሣሪያን ጥበብ መቀበል አይደለም፤ ሲሰበር የሚጠግነው ባለሙያ ከሌለ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። የሳተላይትም ነገር እንዲሁ ነው። ከአንኮበር ገደል እስከ ቈላው ያለው አፈር በጎርፍ ምን ያህል እንደ ተሸረሸረ፥ የደጋው አዝመራ በምን ሁኔታ እንዳለ ከላይ የተነሣ ሥዕል ሊያሳይ ይችላል፤ ሥዕሉን አንብቦ ለገበሬው የሚጠቅመውን ቃል የሚያወጣ ሰው ከሌለ ግን ምንም አይናገርም።

እንግዲህ ከባዱ መሰናዶ የሰው መሰናዶ ነው። ይህም በአንድ ቀን አይፈጸምም፤ በየመንደሩ ትምህርት ቤት ከሚማረው ሒሳብ ይጀምራል። በደብረ ብርሃን ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በአድባራቱም ቍጥርን መርምረው የሚያስተምሩ ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ አሉ። ሹማምንት የትምህርት ቤቱን ጕድለት ቢመለከቱ፥ መምህራንም ብላቴናው «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ ባይቈጡት፥ ሮኬቱ ገና ሳይታሰብ መሰናዶው ተጀመረ ማለት ነው። ሮኬት የሚነሣው በጥቂት ደቂቃ ነው፤ መነሣቱ መልካም የሚሆነው ግን አስቀድሞ በምድር ላይ፥ ማንም ሳያይ በተሠራው ሥራ ነው።