ሥጋ ሳይጨመር የሚጨምር ኃይል

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1988 ዓ.ም. በሴኡል በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ከትውልድ አገሩ ከቡልጋሪያ ቡድን ሸሽቶ ለቱርክ የተሰለፈው፣ ቁመቱም ከአንድ ሜትር ተኩል ያነሰው ናኢም ሱሌይማኖግሉ፣ በ60 ኪሎ ምድብ ቀርቦ 190 ኪሎ ብረት መጀመሪያ ወደ ትከሻው ቀጥሎም ከራሱ በላይ አነሣ፤ ከመሬት በአንድ ጊዜ መንጭቆ ካነሣው 152 ኪሎ ተኩል ጋር ሲደመርም 342 ኪሎ ተኩል ሆነለት። ከእርሱ በላይ በነበረው በ67 ኪሎ ተኩል ምድብ ወርቅ ያገኘው የምሥራቅ ጀርመኑ ዮአኪም ኩንዝ በድምሩ ያነሣው 340 ኪሎ ስለ ነበረ፣ ሥጋ ያልከበደው ሰው ብረት አይከብደውም ወይ ለሚለው ጥያቄ ይህ ትንሽ ሰው በቂ መልስ ሰጠ።

በየሰፈሩ ሲሚንቶ የተሞላ ጣሳ በቧንቧ ጫፍና ጫፍ አድርገው ክንዳቸው እስኪንቀጠቀጥ የሚለማመዱትን ወጣቶች ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ብዙው ሰው ኃይልን የሚለካው በክንድ ውፍረት ነው። ነገር ግን ጡንቻ በገዛ ሥልጣኑ የሚንቀሳቀስ ሳይሆን ከአንጎል ተነሥቶ በአከርካሪ በኩል የሚወርደውን ትእዛዝ የሚጠብቅ ሎሌ ስለ ሆነ፣ ያልሠለጠነ ሰው በሥጋው ውስጥ ያለውን ሠራዊት ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመጥራት አይችልም፤ ልምምዱ ሲደጋገም ግን የሚጠሩት የጡንቻ ክሮች ይበዛሉ፣ ትእዛዙም ይፈጥናል፣ ሥራውን የሚቃወሙት ጡንቻዎችም መላላትን ይማራሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1894 ዓ.ም. የዬል ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቡና መምህር ኤድዋርድ ስክሪፕቸር አንዱ እጅ ብቻ ሲለማመድ ሥራ ፈቶ የቆየውም ሌላው እጅ እንደሚበረታ አሳይቶ ነበር። ያ ሥራ ፈት እጅ ኃይሉን ያገኘው ከሥጋ ሳይሆን ከትእዛዙ ምንጭ መሆኑ ግልጽ ነው።

እንግዲህ ክብደቱን ሳይጨምር ሊበረታ የሚሻ ሰው፣ ልምምዱን እንደ ትምህርት እንጂ እንደ ቅጣት ሊቈጥረው አይገባም። የዜማ ደቀ መዝሙር የሚበስለው ጉሮሮው እስኪዘጋ በመጮኹ ሳይሆን ያስቸገረውን ምልክት እያረፈ ደጋግሞ በማቅናቱ እንደ ሆነ፣ ብረት አንሺውም አምስት ጊዜ ያህል ብቻ ሊያነሣው የሚችለውን ከባድ ብረት መርጦ፣ ሦስት ጊዜ አንሥቶ፣ ገና አቅም ሳለው ያስቀምጠው፤ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃም ይረፍ፤ ይህንም አራት አምስት ዙር ይድገመው። ዕረፍቱ ስንፍና የሚመስላቸው አሉ፤ የደከመ ነርቭ ግን ድካምን እንጂ ኃይልን አያስተምርም። ጭማሪው በየጊዜው ሁለት ኪሎ ተኩል ወይም ከዚያ ያነሰ ቢሆን ይበቃል። ብረቱን በጀርባው የሚሸከም ግን፣ የሚደግፈው ሰው አጠገቡ ሳይኖር አይሞክረው።

በምግብ ረገድ፣ ሚዛኑ እንዳይነቃነቅ ብሎ ራሱን በረኃብ የሚቀጣ ሰው ሞኝ ነው፤ ሥጋው ተጎድቶ ብረቱም ያሸንፈዋልና። የሚበላው ከሚያወጣው ጋር ይተካከል፤ ፕሮቲንም ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ አንድ ግራም ተኩል ያህል፣ ማለትም 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን 90 ግራም ገደማ ያግኝ። በጾም ወራት ይህን ከሽሮ፣ ከምስርና ከባቄላ ማግኘት ይቻላል፤ ነገር ግን እንጀራው በዝቶ ወጡ ሲያንስ አይሞላም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጧት ምግብ ሳይቀምሱ መመዘን የሚበቃ ነው።

ይህ መንገድ ወሰን የለውም ማለት ግን አይደለም። ነርቭ ሊጠራው የሚችለውን ሁሉ ጠርቶ ከጨረሰ በኋላ፣ ለዓመታት የለፋ ሰው ስቡን በጡንቻ ካልለወጠ ወይም ጥቂት ኪሎ ካልጨመረ እድገቱ እጅግ ያዘግማል። ይሁን እንጂ ክብደት ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ያው ሱሌይማኖግሉ ምስክር ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. በአትላንታ ሦስተኛውን የኦሊምፒክ ወርቁን ያገኘው በ64 ኪሎ ምድብ ሲሆን፣ በድምሩ ያነሣው ግን ከሴኡሉ ያነሰ 335 ኪሎ ነበር።