በቀቀን እንደ ዶሮ ነው? እውነት ወይስ ተረት?

በሚዛን ተፈሪም ሆነ በቴፒ በቀቀን ለማሳደግ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያማክረው ዶሮ የሚያረባውን ጎረቤቱን ነው። ምላሹንም ሳይሰሙት አይቀሩም፦ «ወፍ ያው ወፍ ነው። ጠበብ ያለች የሽቦ ቤት ይሥሩለት፣ መሐል ላይ አንድ ለስላሳ እንጨት ያጋድሙለት፣ ጥሬ ይበትኑለት፤ በቃ።» ምክሩ ከክፋት አልመጣም። ስለ ወፍ ቤት የምናውቀውን ሁሉ ያስተማረችን ዶሮ ናት። ዶሮ ግን ቀኑን ሙሉ ጓሮ ስትጭር ውላ ወደ ቆጧ የምትወጣው ለማደር ብቻ ነው። ቆጧ አንድ ወጥ ቢሆን፣ ማደሪያዋም ቢጠብ፣ ነግቶ እስክትወርድ ነው። በቀቀን መሬት የሚረግጠው ከስንት አንዴ ነው። የሚበላውም፣ የሚጫወተውም፣ የሚጣላውም፣ የሚተኛውም ቅርንጫፍ ላይ ነው። ቆጡ ከተበላሸበት የሚወርድበት ጓሮ የለውም።

የሁለቱን እግር ጎን ለጎን ላየ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ዶሮ ሦስት ጣት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ አላት፤ ለመጫር የተሠራ እግር ነው። በቀቀን ሁለት ወደ ፊት፣ ሁለት ወደ ኋላ አለው፤ ለመጨበጥ የተሠራ ነው። በአንዱ እግሩ ቆሞ በሌላው ፍሬውን ይዞ ይበላል፤ ሲወጣና ሲወርድም ምንቃሩን እንደ ሦስተኛ እግር ይጠቀምበታል። እንዲህ ያለ እግር ውፍረቱ አንድ ወጥ በሆነ ለስላሳ እንጨት ላይ ወራት ሲቆም፣ የሰውነቱ ክብደት ሁልጊዜ በዚያችው በአንዲቱ የውስጥ እግር ቦታ ላይ ያርፋል። ቆዳው ይሳሳል፣ ይቀላል፣ ይቆስላል፤ ቁስሉ ሲያመረቅዝ ወፉ አንድ እግሩን አንጠልጥሎ መዋል ይጀምራል። ያኔ ጎረቤት «አርጅቶ ነው» ይላል። እርጅና አይደለም፤ እንጨቱ ነው።

«ታዲያ ለስላሳው እንጨት መጥፎ ከሆነ ፋብሪካው ለምን ከቤቱ ጋር አብሮ ይሸጠዋል?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተረቱም ዕድሜ ያገኘው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ተገዝቶ የመጣ ቤት ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ታስቦበት የገባ ይመስለናል። በማሽን የተላገ እንጨት ግን እዚያ የገባው ርካሽ ስለሆነና ካርቶን ውስጥ ለማሸግ ስለሚመች ነው። «ጥፍር ያሳጥራል» ተብሎ በአሸዋ ወረቀት የተጠቀለለው ደግሞ ይብሳል፤ ጥፍሩን ሳይነካ የእግሩን ቆዳ ይፍቃል።

የቱ እንጨት ይሻላል ካሉ፣ የቡና አገር ሰው ዕድለኛ ነው። እዚህም ላይ ግን ሌላ ተረት ይጠብቀናል፦ «የቡና እንጨት እንዳታስገባ፣ ቡና ወፍ ይገድላል!» ይህ አባባል ግማሹ እውነት በመሆኑ ለመንቀል ያስቸግራል። የተፈላ ቡናም ሆነ ፍሬው፣ ጥሬም ይሁን የተቆላ፣ ካፌይን ስላለበት ለበቀቀን በእርግጥ አደገኛ ነው። የልብ ምቱን ያፈጥናል፣ ያዛባል፤ ለዚያች ትንሽ ገላ ደግሞ ጥቂቱ ይበቃል። ቅጠሉም ካፌይን አያጣም። የደረቀው ግንድ ግን ሌላ ነገር ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የወፍ ዕቃ መደብሮች «የጃቫ እንጨት» እየተባለ የሚሸጠው የታወቀ የበቀቀን መቆሚያ፣ ዘመኑን የጨረሰ የቡና ዛፍ እንጂ ሌላ አይደለም። ጠንካራ ስለሆነ ለምንቃር ቶሎ አይበገርም። ከሁሉ በላይ ጠማማ ነው፤ አንድ ጋ ይወፍራል፣ ሌላ ጋ ይቀጥናል፣ ጉጥ አለው። ወፉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እግሩ የሚያርፍበት ቦታ ይለዋወጣል። የኢንዶኔዥያ ቡና ግንድ ባሕር ተሻግሮ ሲሸጥ፣ በቡና መገኛ ምድር ያለው አብዛኛው ለማገዶ መሄዱ ትንሽ ያስቆጫል።

ያረጀ ቡና ከለቀማ በኋላ ሲጎነደል ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቆረጣል፤ የሚፈልጉት ከዚያ በላይ የወደቀውን ነው። ቅጠሉንና ፍሬውን አራግፉ፣ ቅርፊቱ ላይ የበቀለውን ሽበት በፈላ ውኃና በብሩሽ ፈግፍጉ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ በሚገባ ይድረቅ። ማድረቁን አቅልላችሁ አትዩት። የሚዛንና የቴፒ አየር እርጥብ ነው፤ በቅጡ ያልደረቀ እንጨት ይሻግታል፣ የሻጋታው ብናኝም የወፍ ሳንባ ገብቶ ለማዳን የሚያስቸግር በሽታ ያመጣል። ቆሞ ከደረቀ የቡና ዛፍ ግን አትውሰዱ። ቡናን የሚያደርቀው የፈንገስ በሽታ በተቆረጠ እንጨት ከማሳ ወደ ማሳ ይሻገራል፤ የታመመ ዛፍ እዚያው ተነቅሎ እዚያው መቃጠል አለበት። ውፍረቱን ለመምረጥ ቀላል መለኪያ አለ፤ ወፉ ሲጨብጠው የፊትና የኋላ ጣቶቹ እንጨቱን ዞረው መነካካት የለባቸውም። ለትንንሾቹ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር፣ መካከለኛ ለሆኑት ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሚለዋወጥ ቢሆን ይስማማቸዋል። ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ በተለያየ ከፍታ አድርጉ፤ ማታ ከፍ ያለውን መርጦ ስለሚያድርበት ምግብና ውኃውን ከሥሩ አታስቀምጡ፣ ኩሱ ይወርድበታል።

ከዚያው ከቡናው ማሳ ግን ሁሉም እንጨት አይሆንም። «ከተፈጥሮ የመጣ ነገር አይጎዳም» የሚለው ሌላው ትልቅ ተረት ነው። ብርብራ የቡና ጥላ ሆኖ የሚያገለግል ጥሩ ዛፍ ነው፤ ፍሬው ዓሣ ለማደንዘዝ ሲያገለግል የኖረ መርዝ መሆኑን ግን የወንዝ ዳር ሰው ያውቃል። ከቁልቋልና ከቅንጭብ የሚወጣው ወተትም ያቃጥላል። ሁሉን የሚያስንቀው አቮካዶ ነው። በየጓሮው አለ፣ ለሰው ምግብ ነው፣ ልጆችም ከሚበሉት ቆርሰው ቢሰጡት ማንም አይከለክላቸውም። ለበቀቀን ግን ፍሬውም፣ ቅጠሉም፣ ቅርፊቱም፣ ፍሬ ውስጥ ያለው ዘርም መርዝ ነው፤ ልቡን ይጎዳል፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ሊገድለው ይችላል። «የእኔ በልቶ ምንም አልሆነም» የሚል አይጠፋም። መጠኑ፣ የአቮካዶው ዓይነትና የወፉ ጤንነት ስለሚለያዩ አንዱ ይተርፋል፣ አንዱ ያልፋል፤ የተረፈው ይወራለታል፣ የሞተው ግን «ብርድ መታው» ይባላል። ቡና ባይገኝ ጓቫ ወይም መድኃኒት ያልተረጨ ባሕር ዛፍ ያለ ሥጋት መጠቀም ይቻላል።

ወደ ቤቱ እንምጣ። በፊልምና በካርቱን ያየነው ክብ፣ ቁመቱ የረዘመ፣ የወርቅ ቀለም የተቀባው ቤት «የበቀቀን ቤት» ሆኖ ዓይናችን ላይ ቀርቷል። ለሳሎን ያምራል፤ ለወፉ አይጠቅምም። ወፍ እንደ ሊፍት ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ከዳር ወደ ዳር ነው የሚበረው፣ ስለዚህ ከቁመቱ ይልቅ ርዝመቱ ይቆጠራል። ሲደነግጥም የሚሸሽበት ማዕዘን ይፈልጋል፤ ክብ ቤት ይህን አይሰጠውም። ለሁለት ትንንሽ በቀቀኖች ርዝመቱ 80 ወይም 90 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ ግማሽ ሜትር ያህል ቢሆን ትንሹ ልክ ነው ማለት ይቻላል። በሽቦዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ1.3 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ፤ ጭንቅላቱ ካለፈ ተመልሶ ላይወጣ ይችላል።

ስለ ሽቦው ደግሞ «አዲስና የሚያብረቀርቅ ንጹሕ ነው» ይባላል። አዲሱ የዶሮ ሽቦ የሚያብለጨልጨው ዚንክ ስለተነከረ ነው። ዶሮ ሽቦ አትበላም፤ በቀቀን ግን ቀኑን ሙሉ ሲነክስና ሲልስ ይውላል፣ ዚንኩም ይመርዘዋል። የማይዝግ ብረት ምርጫው ቢሆንም ዋጋው ለሁሉም አይሆንም። ያለው የዶሮ ሽቦ ብቻ ከሆነ በሽቦ ብሩሽና በኮምጣጤ ተፈትጎ፣ በውኃ ታጥቦ፣ ለጥቂት ሳምንታት ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቅበት፤ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። አሮጌ ቀለም የተቀባ ብረት እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ጨርሶ አይሞከር።

«ሰው ስለሚወድ ቡና የሚፈላበት ይቀመጥ» የሚለውም ደግነት ይመስላል። ሰው መውደዱ እውነት ነው። የወፍ መተንፈሻ ግን አየርን ከእኛ ይልቅ አብዝቶ የሚመጥ ነው፤ የከሰሉ ጭስ፣ ዕጣኑ፣ የሚቆላው ቡና ሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ጋ ነው። ምግብ የማያጣብቅ መጥበሻ ባዶውን እሳት ላይ ተረስቶ ሲግል የሚለቀው ጋዝ ደግሞ ወፉን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ቤቱን ከማድ ቤት አርቁት። ሌሊትም እንዲሁ፦ ሚዛን ከምድር ወገብ 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ፣ የዚህ አገር ወፍ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ጨለማ ያገኛል። እስከ እኩለ ሌሊት ቴሌቪዥን በሚበራበት ክፍል ያደረ ወፍ እንቅልፍ ያጣል፣ ይነጫነጫል፣ ላባውን ይነጫል።

አንድ ተረት ቀረ፤ ከሁሉም የከፋው። «ከጫካ የተያዘ ጫጩት ቶሎ ይለምዳል፣ ጫካውም አይጎድልበትም።» በዚህ አካባቢ ደኖች የሚኖረው ቢጫ ራስ ያለው አረንጓዴ በቀቀን ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኝም። ወንዱ ግንባሩ ቀይ የሆነው ጥቁር ክንፍ ያለው ትንሹ በቀቀንም በዓለም ላይ ያለው በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ነው። ሁለቱም የሚፈለፈሉት ባረጀ ዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ሲሆን፣ ጫጩቱን ለማውጣት ብዙ ጊዜ ጉድጓዱ ይፈለጣል ወይም ዛፉ ይቆረጣል። ያ ጉድጓድ ለሚቀጥለው ዓመትም፣ ለሌላውም ጥንድ አይኖርም። ብዙዎቹ ጫጩቶችም እጅ ከተቀያየሩ በኋላ ብዙ አይቆዩም፤ ሻጩ የሚያሳየን የተረፈውን ነው። የዱር እንስሳትን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝን ይከለክላል፤ ወፍም የዱር እንስሳ ነው። ስለዚህ በቅርጫት ተሸፍኖ በር ላይ ለሚመጣ ጫጩት፣ ቢያሳዝንዎትም፣ ገንዘብ አይክፈሉ። እርስዎ ሲገዙ ሌላ ዛፍ ይቆረጣል።