የባለሥልጣን ሥዕልና የታመመ ሕፃን

አንድ ባለሥልጣን በገዛ እጁ የሣለውን ወይም በቤቱ ሰቅሎት የኖረውን ሥዕል በካንሰር ለታመሙ ሕፃናት ሕክምናና ምርምር ሲለግስ ሕዝብ ያጨበጭባል። ማጨብጨቡ ነውር የለበትም። ነገር ግን ጭብጨባው ካበቃ በኋላ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ አለ፤ ገንዘቡ እስከ መቼ ይዘልቃል?

ጥያቄው የሚመነጨው ከበሽታው ጠባይ ነው። በሕፃናት ላይ በብዛት የሚታየው የደም ካንሰር ሲሆን፣ ዋነኛው ዓይነት ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት የማያቋርጥ ሕክምና ይፈልጋል። ዶክተር ሲድኒ ፋርበር እ.ኤ.አ. በ1948 በቦስተን ከተማ ስለ አዲሱ መድኃኒታቸው ባሳወቁ ጊዜ በሽታውን ማስታገስ የቻሉት ለጥቂት ወራት ብቻ ነበር። ዛሬ በበለጸጉት አገሮች ካንሰር ከሚይዛቸው ሕፃናት ከመቶ 80 የሚበልጡት ይድናሉ፤ ይህም የብዙ ዓመታት ምርምር ፍሬ ነው። በብዙ ድኻ አገሮች ግን፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ የሚድኑት ከመቶ 30 አይሞሉም። በሽታው ዘግይቶ ይታወቃል፤ መድኃኒት ይታጣል፤ የተጀመረውም ሕክምና ከመንገድ ይቋረጣል። ልጁን ይዞ ከገላን ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚመላለስ የፋብሪካ ሠራተኛ በየጉዞው የቀን ገቢው እንደሚቀርበት ማንም ይረዳዋል፤ ጉዞውም ዓመታት የሚፈጅ ነው።

ሥዕል ግን ለበጎ አድራጎት የሚሸጠው አንድ ቀን ነው። ዊንስተን ቸርችል እ.ኤ.አ. በ1949 ለበጎ አድራጎት ሐራጅ የሰጡት ሥዕል ተሸጦ ዛሬ በብራዚል፣ በሳኦ ፓውሎ ሙዚየም ይገኛል። የቭላድሚር ፑቲን የመስኮት ሥዕልም በ2009 በሐራጅ 37 ሚሊዮን ሩብል አውጥቷል። ገዢው ይህን ያህል የሚከፍለው ለሥዕሉ ነው ወይስ ለሣዩ ስም? ሣዩ በሥልጣን ላይ ሳለ የሚገዛ ሰው ከሥዕሉ ጋር ውለታም ሊገዛ ይችላል። ስለዚህ የገዢው ማንነት፣ ዋጋውና ገንዘቡ የዋለበት ሥራ በይፋ ሊገለጥ ይገባል።

ከዚህ የሚለይ ስጦታም አለ። ደራሲው ጄምስ ባሪ እ.ኤ.አ. በ1929 ማደግ ስላልፈለገ ልጅ የሚተርከውን የ«ፒተር ፓን»ን መብት በሎንዶን ለሚገኘው ለግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሰጡ። ቴያትሩ በታየ፣ መጽሐፉ በታተመ ቁጥር ሆስፒታሉ ገንዘብ ያገኛል። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን ነርስነት የተማሩት በዚሁ ሆስፒታል ነው። የመብቱ ዘመን በ1987 ሲያበቃ፣ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ጄምስ ካላሃን በፓርላማ ባቀረቡት ማሻሻያ ሆስፒታሉ በእንግሊዝ አገር ከሥራው ገቢ ያለ ጊዜ ገደብ እንዲያገኝ በ1988 ተደነገገ። እኚህ ፖለቲከኛ ሥዕል አልሰጡም፤ የሰጡት ሕግ ነው፤ ሕጉም ዛሬ ድረስ ይከፍላል።

ልዕልት ፀሐይ በ1934 ዓ.ም. በነቀምት ካረፉ በኋላ ደግሞ ሲልቪያ ፓንክኸርስት በስማቸው ሆስፒታል እንዲቆም በእንግሊዝ አገር ለዓመታት ገንዘብ አሰባሰቡ። ሲልቪያ በትምህርታቸው ሠዓሊ፣ በኑሯቸው የፖለቲካ ታጋይ ነበሩ። ያ ሆስፒታል ኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። ያቆመውም የአንድ ምሽት ግብዣ ሳይሆን የዓመታት ልመና ነው።

ወደ ዛሬው ጉዳያችን ስንመለስ፣ መንገዱ በአገራችንም አልተዘጋም። በ1996 ዓ.ም. በደም ካንሰር በሞተ ሕፃን ስም የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ተቋቋመ። በዚያው ዓመት የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አመንጪው በሥራው የመጠቀም መብቱን በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቅለታል። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በ2012 ዓ.ም. «መደመር» የተባለው መጽሐፋቸው ገቢ ለትምህርት ቤት ግንባታ እንዲውል ማድረጋቸው፣ ሥራው በተሸጠ ቁጥር የሚያስገባ ስጦታ እዚህም ሊሰጥ እንደሚችል ያሳያል።

እንግዲህ፣ ውድ አንባቢ ሆይ፣ ሥዕል የሚለግስ ባለሥልጣን ሲመጣ እናመስግነው፤ ከምስጋናው ጋርም ሦስት ነገር እንጠይቀው። ሐራጁ ለሁሉ ክፍት ይሁን፤ ሒሳቡ ይታተም፤ ሥዕሉን በፖስታ ካርድና በቀን መቁጠሪያ የማባዛቱ መብትም በጽሑፍ ለሕፃናቱ ይተላለፍ። ያን ጊዜ ሥዕሉ በገዢው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎም ቢሆን፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት የሚያስፈልገውን መድኃኒት ለመግዛት ይረዳል።